«ተወርዋሪ» ወይስ «ጅራታም»? የሰማይ ዜናን በአማርኛ ስለ መጻፍ

ጥያቄ፦ «ስለ 3አይ/አትላስ የተጻፈውን ሳነብ አንዱ ‹ተወርዋሪ ኮከብ›፣ ሌላው ‹ጅራታም ኮከብ›፣ ሦስተኛው ‹አስትሮይድ› ይለዋል። ‹ከሌላ ጋላክሲ የመጣ እንግዳ› የሚልም አጋጥሞኛል። ‹የብርሃን ዓመት› ደግሞ አንድ ቦታ ጊዜ፣ ሌላ ቦታ ርቀት ይሆንብኛል። የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎችን ስለማስተምር የትኛውን ብል ይሻላል? ቀኑንና ሰዓቱንስ ወደኛ አቆጣጠር እንዴት ልመልሰው?»

መልስ፦ 3አይ/አትላስ ጅራታም ኮከብ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ መጠሪያዎች ሌላ ነገር ስለሚያመለክቱ ለእሱ አይሆኑም።

አማርኛ «ኮከብን» በሰፊው ነው የሚጠቀምበት። ከጨረቃ በቀር በሌሊት ሰማይ የሚያበራውን ነጥብ ሁሉ ኮከብ ስንል ኖረናል፤ ፕላኔቷን ቬነስን እንኳ ጎሕ ሲቀድ ስናያት «የአጥቢያ ኮከብ» እንላታለን። በዚህ ምንም ስሕተት የለም። ዓይን ያየውን መሰየም የቆየ የቋንቋ ልማድ ነው። ነገር ግን ልዩነቱን የሚሸከመው ከፊት የሚመጣው ቅጽል በመሆኑ «ተወርዋሪ»ና «ጅራታም» ቦታ ከተለዋወጡ ዜናውም አብሮ ይዛባል።

ተወርዋሪ ኮከብ የምንለው ብልጭታውን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከአሸዋ ቅንጣት ወይም ከጠጠር የማይበልጥ ቁራጭ በሰከንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎ ሜትር እየተምዘገዘገ አየራችን ውስጥ ሲገባ፣ ከመሬት 100 ኪሎ ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ግሎ ያበራና ወዲያው ይጠፋል። ዕድሜው አንድ ሁለት ሰከንድ ነው። ስለዚህ «ለወራት የታየ ተወርዋሪ ኮከብ» ሊኖር አይችልም። ሳይቃጠል ተርፎ መሬት ላይ የወደቀው ድንጋይ ሜትዮራይት ይባላል። አስትሮይድ ፀሐይን የሚዞር ዐለት ወይም ብረት ያለበት አካል ሲሆን፣ እንደ ደንቡ ጋዝ አይተፋም። ጅራታም ኮከብ ግን በረዶና አቧራ የተቀላቀለበት ነው። ወደ ፀሐይ ሲቀርብ በረዶው ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ጋዝ ይለወጣል፤ ጋዙም አቧራውን ይዞ ይወጣና በመጀመሪያ ዙሪያውን ጭጋግ፣ ቀጥሎም ጅራት ይሠራል።

3አይ/አትላስን ቺሊ ውስጥ ሪዮ ኡርታዶ የሚገኘው የአትላስ ቴሌስኮፕ ያገኘው ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ጭጋጉ የተለየው ብዙም ሳይቆይ ነው። ሀብል ቴሌስኮፕ በሐምሌ ወር ባነሣው ምስል መሠረት፣ በጭጋጉ ውስጥ የተሸፈነው ጠጣር አካል የጎን ስፋቱ ከ320 ሜትር እስከ 5.6 ኪሎ ሜትር ባለው መካከል ይገመታል። አንድ ነገር ገና ተገኝቶ ምንነቱ ሳይታወቅ ዜና መጻፍ ግድ ከሆነ «የሰማይ አካል» የሚለው ጥሩ መጠለያ ነው፤ ማንንም አያሳስትም፣ በማግስቱም ማስተባበያ አያስጽፍም።

ስለ ስሙም አንድ ነገር ልጨምር። «3» ከሥርዓተ ፀሐይ ውጭ መጥተው ከተገኙት አካላት ሦስተኛው ማለት ነው። «አይ» የሮማ ቁጥር አንድ ሳትሆን «በከዋክብት መካከል የሚጓዝ» ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መነሻ የሆነች ፊደል ናት፤ ስለዚህ «ሠላሳ አንድ አትላስ» ተብሎ እንዳይነበብ። የመጀመሪያው በጥቅምት 2010 ዓ.ም. በሃዋይ የተገኘው ኦሙአሙአ፣ ሁለተኛው በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ጌናዲ ቦሪሶቭ ያገኘው ጅራታም ኮከብ ነው።

«ከሌላ ጋላክሲ የመጣ» የሚለውን ግን ከተማሪዎችዎ ደብተር ላይ ያስሰርዙት። ሥርዓተ ፀሐይ ፀሐያችንና እሷን የሚዞሩት ናቸው፤ ጋላክሲ (ረጨት የሚሉትም አሉ) እንደ ፀሐያችን ያሉ በመቶ ቢሊዮን የሚቆጠሩ ከዋክብት የሚገኙበት ነው። 3አይ/አትላስ የመጣው ከሥርዓተ ፀሐይ ውጭ ቢሆንም ከዚሁ ከኛው ጋላክሲ ነው። ሒሳቡን ክፍል ውስጥ ሊሠሩት ይችላሉ። ወደ ሥርዓተ ፀሐይ ሲገባ ፍጥነቱ በሰከንድ 58 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ ከዚህ አካል 5,200 ጊዜ ያህል ይፈጥናል። ትልቋ ጎረቤታችን አንድሮሜዳ ጋላክሲ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ትርቃለች። 2.5 ሚሊዮንን በ5,200 ሲያባዙ 13 ቢሊዮን ዓመት ይመጣል፤ ይህም ከዩኒቨርስ ዕድሜ ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት እምብዛም አያንስም። «ከሥርዓተ ፀሐይ ውጭ የመጣ» ማለት በቂም ትክክልም ነው።

እስካሁን ያልኩት ስለ ስም ነው። ከስሙ ይልቅ የሚያሳስተው ግን ግሱ ነው፤ የሰማይ ዜና በአማርኛ በብዛት የሚበላሸው ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ነው።

«ጅራቱን እየጎተተ ከፀሐይ ራቀ» የሚለውን እንይ። ጅራት በእንስሳ ላይ ከኋላ ስለሚሆን ግሱ በልማድ ይመጣል። የጅራታም ኮከብ ጅራት ግን አቅጣጫውን የሚወስደው ከፀሐይ እንጂ ከጉዞው አይደለም። የፀሐይ ብርሃን አቧራውን ይገፋዋል፤ ከፀሐይ የሚወጣው የቅንጣቶች ንፋስም ኤሌክትሪክ የያዘውን ጋዝ ይነዳዋል። ስለዚህ ወደ ፀሐይ ሲቀርብ ጅራቱ ከኋላ ይሆናል፤ ሲርቅ ግን፣ በተለይ የጋዙ ጅራት፣ ከፊት ይቀድማል። 3አይ/አትላስ ለፀሐይ እጅግ የቀረበው ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም. 200 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ግድም ርቀት ላይ ሆኖ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስላለው ጉዞ «ጅራቱን ጎተተ» ማለት ሥዕሉን ይገለብጠዋል። «ጅራቱ ከፀሐይ በተቃራኒው ተዘርግቶ» ቢሉ በሁለቱም አቅጣጫ ያስኬዳል።

«በፀሐይ ዙሪያ ይዞራል» የሚለውም ለዚህ አካል አይሠራም። ምሕዋር የሚለው ቃላችን «ሖረ» ከሚለው የግዕዝ ግስ የመጣ ስለሆነ መነሻው መሄጃ፣ መመላለሻ ነው፤ በ«ሐ» የሚጻፈውም ለዚሁ ነው። በዛሬው አነጋገር ግን ምሕዋር ሲባል አንባቢ የሚረዳው ተዞሮ የሚመለሱበትን መንገድ ነው። 3አይ/አትላስ የፀሐይ ስበት መንገዱን አጠፈው እንጂ አልያዘውም፤ ስለዚህ «በፀሐይ አጠገብ አልፎ ይሄዳል» ይባላል። በዚሁ አጋጣሚ «ይዞራል»ንና «ይሽከረከራል»ን መለየት ያስፈልጋል። ምድር በዛቢያዋ ላይ ትሽከረከራለች፣ በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች። ሁለቱንም «ትዞራለች» ብሎ ያስተማረ ሰው የቀንና ሌሊትን ምክንያት ከዓመቱ ርዝመት ምክንያት ጋር ይቀላቅላል።

ቅርበትን የሚናገሩት ግሶች የበለጠ ጥንቃቄ ይሻሉ። «ምድርን ታክኮ አለፈ» ተብሎ የተጻፈው አካል ታኅሣሥ 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ለምድር እጅግ በቀረበ ጊዜ 270 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ነበር። ፀሐይ የምትርቀን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። ይህ «ታክኮ» ሊባል አይገባውም። እኔ የምመክረው መለኪያ ጨረቃ ናት፦ ከጨረቃ ርቀት ማለትም ከ384,000 ኪሎ ሜትር ወዲህ ካለፈ «ታክኮ»፣ ከዚያ ወዲያ ከሆነ «አለፈ» ብሎ ርቀቱን በቁጥር ማስከተል። ለ«ታክኮ» የሚገባው ሚያዝያ 2021 ዓ.ም. ላይ የሚያልፈው አፖፊስ ነው። ስፋቱ 340 ሜትር ግድም የሆነ አስትሮይድ ሲሆን ከምድር ገጽ 32,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆ ያልፋል፤ የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ከሚቆሙበት ከ36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወዲህ ማለት ነው። አይመታንም።

ከ«ታክኮ» የሚብሰው «ሊመታ ነው» ነው። በ«ሊ» ጀምሮ በ«ነው» የሚዘጋ ግስ በአማርኛ የተቆረጠ፣ የቀረበ ነገርን ያሳያል፦ «ሊዘንብ ነው» ካሉ ልብሱን ከገመድ ላይ ያነሣሉ። ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የተገኘው 2024 ዋይአር4 የተባለው አስትሮይድ «ምድርን ሊመታ ነው» ተብሎ ሲወራ፣ ያኔ ደርሶበት የነበረው ከፍተኛ ግምት 3.1 በመቶ ነበር። መቶ ጊዜ ቢሆን 97 ጊዜ ያህል አይመታም ማለት ነው። በቀናት ውስጥ ደግሞ ግምቱ ከ0.01 በመቶ በታች ወረደ። መጀመሪያ ከፍ ብሎ በኋላ የሚወርደውም ሳይንቲስቶች ስለሚዋሹ አይደለም፤ በጥቂት ምልከታ የተሰላ መንገድ ሰፊ የስሕተት መጠን አለው፣ ምልከታ ሲጨመር መጠኑ ይጠብባል፣ ምድርም ብዙውን ጊዜ ከዚያ ውጭ ትቀራለች። ስለዚህ «ሊመታ ይችላል» ብሎ መቶኛውን ከዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማስገባት ግዴታ ነው። «የመምታት ዕድል» ማለትም ይቻላል፤ «ዕድል» ለጥሩ ነገር ብቻ ይሆናል ብለው የሚሸሹ ካሉ «የመምታት ስጋቱ 3.1 በመቶ» ይበሉ።

ወደ ብርሃን ዓመት ልምጣ። የብርሃን ዓመት ርቀት ነው፤ ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው 9.46 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ማለት ነው። ጊዜ የሚያስመስለው «ዓመት» የሚለው ቃል ነው። ለተማሪዎች ቀላሉ መፈተኛ ከኋላ የሚመጣውን ቃል ማየት ነው፦ «ይርቃል» ወይም «ርቀት ላይ» ከተከተለ ደኅና ነው፤ «በፊት»፣ «ያስቆጠረ» ወይም «ፈጀ» ከተከተለ ተሳስቷል። ፕሮክሲማ ሴንታውሪ 4.24 የብርሃን ዓመት ትርቃለች። ዛሬ የምናየው ብርሃን ከእሷ የተነሣው ግን ከ4.24 ዓመት በፊት ነው፣ «ብርሃን» የሚለው ቃል ሳይገባበት። መጠኑን ለማሳየት ቮየጀር 1ን ይጥቀሱላቸው፦ ነሐሴ 30 ቀን 1969 ዓ.ም. ተነሥታ ሳታቋርጥ የምትጓዘው መንኮራኩር አንዲት የብርሃን ቀን የምትሞላው ኅዳር 2019 ዓ.ም. ላይ ነው።

እጅግ ሩቅ ለሆኑት ጋላክሲዎች አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ያሳየን ሞም-ዚ14 የተባለ ጋላክሲ ብርሃኑ የተነሣው ዩኒቨርስ 280 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው፤ እኛ ዘንድ ለመድረስ 13.5 ቢሊዮን ዓመት ተጉዟል። «13.5 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል» ብሎ መተርጎም ግን አያዋጣም፤ ብርሃኑ በመንገድ ላይ ሳለ ዩኒቨርስ ስለተለጠጠ ዛሬ ያለው ርቀት ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። እንዲህ ባለ ጊዜ «ብርሃኑ 13.5 ቢሊዮን ዓመት የተጓዘ» ብሎ በጊዜ መናገር ይሻላል።

የመንኮራኩርን ነገር ባጭሩ። ሮኬት የሚገፋው ነው፤ መንኮራኩር ወይም ሳተላይት የሚጫነው ነው። «ተወነጨፈ» ለሮኬቱ፣ «መጠቀች» ለተጫነችው ያምራል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትአርኤስኤስ-1 የተባለችው የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ታይዩዋን በሎንግ ማርች ሮኬት መጠቀች ማለት ሁለቱንም በየቦታቸው ያስቀምጣል። ጠፈርና ህዋን በዜና ላይ ቢያቀያይሩ ስሕተት የለውም። ሥነ ፈለክን የሚያጠናውን ግን «ኮከብ ቆጣሪ» አይበሉት፤ ያ የሰው ዕጣ ፈንታ እናገራለሁ የሚለው ነው።

የቀኑን ጉዳይ በተመለከተ፣ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት የሌለው ዓመት አይጻፉ። ዋይአር4 ይመታል ተብሎ የተፈራው በ2032 እ.ኤ.አ. ሲሆን በእኛ ታኅሣሥ 13 ቀን 2025 ዓ.ም. ነው፤ ምልክት የሌለውን «2025» ያነበበ ሰው ቀኑ ያለፈ ሊመስለው ይችላል። ሰዓቱ ደግሞ በሳይንስ ዜና የሚሰጠው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። የኢትዮጵያ ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማል፣ አቆጣጠራችን ደግሞ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይጀምራል፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ከተሰጠው ሰዓት ላይ 3 መቀነስ፣ ውጤቱ ከ12 ከበለጠ 12 መቀነስ፣ ከ1 ካነሰ ደግሞ 12 መደመር ብቻ ይበቃል። አፖፊስ ለምድር እጅግ የሚቀርበው ኤፕሪል 13፣ 2029 እ.ኤ.አ. ከ21፡46 ላይ ነው። 3 ሲቀነስ 18፡46፣ 12 ሲቀነስ 6፡46 ይሆናል፤ ሌሊት ነው። ቀኑ በፈረንጁ ወደ 14 ስለሚዞር ብዙ ተርጓሚ እዚህ ላይ ይደናገራል። አማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ አነጋገር አለውና እንዲህ ብለው ያስጽፏቸው፦ «ዓርብ ሚያዝያ 5 ለቅዳሜ 6 አጥቢያ፣ 2021 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ46 ደቂቃ»።