ሪል እስቴትና የግንባታ ፈቃድ፦ ለጠየቃችሁኝ መልስ

አርክቴክት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የአልሚዎችን ፋይል ይዤ ደረጃ ስወጣና ስወርድ ጸጉሬ ሸብቷል። ስለ ግንባታ ፈቃድ የገባችሁን ያልገባችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጎርፍ ሆነብኝ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ኢንጂነር፣ 480 ካሬ በሊዝ ይዣለሁ። ቢ+ጂ+7 (ቤዝመንት፣ ምድር ቤትና ሰባት ፎቅ) አፓርትመንት ሠርቼ ልሸጥ ነው። ዲዛይኑ አልቋል። ከየት ልጀምር?

ዲዛይኑ ማለቁ ነው ያስደነገጠኝ። መጀመሪያ የሚጠየቀው የፕላን ስምምነት ነው። ቦታው በከተማው ፕላን ለምን አገልግሎት እንደተመደበ፣ ምን ያህል ከፍታ እንደሚፈቀድ፣ ከመንገድና ከጎረቤት ስንት ሜትር መራቅ እንዳለብህ የምታውቀው እዚያ ነው። ሰባት ፎቅ ተስሎ የተፈቀደው አምስት ከሆነ፣ ለስትራክቸርም፣ ለሳኒተሪም፣ ለኤሌክትሪክም የከፈልከው ውሃ በላው። ስምምነቱን ያዝ፣ አፈሩን አስመርምር፣ ከዚያ ይሳል። ቦሌ አካባቢ ከሆንክ ደግሞ የአውሮፕላን ማረፊያው የከፍታ ገደብ አለ፤ በጊዜ ጠይቅ።

ምድር ቤት ብቻ የሆኑ 12 ቪላዎች ልሠራ አስቤአለሁ። ትንሽ ቤት ስለሆነ ምድብ "ሀ" ነው አይደል?

ለራስህ መኖሪያ ቢሆን አዎ፤ ሕንፃ ከቀላሉ ምድብ "ሀ" እስከ ከባዱ ምድብ "ሐ" ይመደባል። የሕንፃ አዋጁ፣ 624/2001፣ ያንኑ ቤት ሪል እስቴት ሲሆን ወደ ምድብ "ለ" ያወጣዋል። ለሽያጭ የሚሠራ ቤት ሲሆን የሚጠየቀው ነገር ይከብዳል ማለት ነው፤ እኔ በበኩሌ ትክክል ነው እላለሁ። ከመሬት ወለል ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሕንፃ ደግሞ ምድብ "ሐ" ነው። ከላይ የጠየቀው ወንድማችንም እዚያ ይገባል።

ፋይሌ ለሦስተኛ ጊዜ "እርምት" ተብሎ ተመለሰ። ሆን ብለው ነው?

አንዳንዴ ይሆናል፤ አልዋሽህም። ግን የሰው ፋይል ሳይ ብዙውን ጊዜ የማገኘው ሦስት ወረቀት እርስ በርሱ ሲጣላ ነው። ካርታው ላይ ያለው ስፋት ሌላ፣ ሊዝ ውሉ ላይ ሌላ፣ ዲዛይኑ ላይ ሌላ። አርክቴክቱ አምዱን ያዛውራል፣ የስትራክቸሩ ሰው አልሰማም፣ ሁለቱም ማኅተም ያደርጋሉ።

የራሴን ጉድ ልንገርህ። አንድ ጊዜ ካርታውን አምኜ፣ ሜትሬን ኪሴ ውስጥ ትቼ ሣልኩ። ሠራተኞቹ መሬቱ ላይ ችካል ሲመቱ የጎረቤት አጥር ወደ እኛ 1 ሜትር ከ40 ገብቶ ተገኘ። አጥሩ ላይ የተደገፈ የእንጀራ ቤት ነበር። የጎረቤት እማማ ምጣዳቸውን ሳይጥዱ ወጥተው "ልጄ፣ ይሄ አጥር ካንተ ዕድሜ ይበልጣል" አሉኝ። ወሰኑ በድጋሚ ተለካ፣ የመኪና መውረጃው ጠበበ፣ ቤዝመንቱ እንደ አዲስ ተሣለ። አምስት ወር ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሳይት ሳልለካ እርሳስ አላነሳም።

ከዲሲ ነው። የእናቴን ቦታ አንድ አልሚ ሊሠራበት ፈልጎ "ፈቃዱን በራሴ አወጣለሁ፣ ውክልና ብቻ ላኪልኝ" ይላል። ልላክለት?

እህቴ፣ ቆይ። ካርታው በማን ስም ነው? ፈቃዱ የሚወጣው በባለይዞታው ስም ነው። ፈቃዱ ላይ ያልነበረ ፎቅ ቢጨመር የሚጠሩት እናትሽ ናቸው። ካርታው በሳቸው ስም ከሆነ ውክልናውን የሚሰጡት ራሳቸው ናቸው፤ ላንቺ ውክልና ሰጥተው ከሆነ ደግሞ ሌላ ሰው መወከል እንደሚያስችልሽ እዪ። አልሚው መሸጥና መለወጥን የጨመረ ውክልና ከጠየቀ እንቢ በዪ። "የግንባታ ፈቃድ ጉዳይ እንዲከታተል" የሚል ብቻ ይበቃዋል። ከኤምባሲ የሚላክ ከሆነም እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ከሁሉ በፊት ግን የጋራ ልማት ውሉ ይፈረም፤ ስንተኛው ፎቅ የማን እንደሆነ ተጽፎ።

ጉዳይ አስፈጻሚ "በሁለት ሳምንት እጨርሳለሁ" አለኝ።

ደረሰኝ ይሰጥሃል? መልሱ እሱ ነው።

ፈቃዱን ካወጣሁ በኋላ ሳልገነባ ቦታውን ብሸጠውስ?

የሊዝ ቦታ ከሆነ እንዳሰብከው አያተርፍህም። በሊዝ አዋጁ፣ 721/2004፣ ግንባታ ሳትጀምር ወይም ግማሹን ሳታደርስ ስታስተላልፍ ሽያጩ በመንግሥት አካል ክትትል ነው የሚካሄደው። ላንተ የሚደርስህ የከፈልከው የሊዝ ክፍያ ከባንክ ወለዱ ጋር፣ የሠራኸው ነገር ዋጋና ከሊዝ ማስተላለፊያው ዋጋ 5 በመቶ ነው። የቀረው የመንግሥት። ግንባታውን የምትጀምርበትና የምትጨርስበት ጊዜም ውልህ ላይ አለ፤ ፈቃዱን እየጠበቅክ ያ ሰዓት መቁጠሩን አትርሳ።

ጋሼ፣ ፈቃዱ ወጥቷል። ነገ ኤክስካቫተር ላስገባ?

መጀመሪያ መጀመርህን አሳውቅ። በየደረጃው ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ፌሮው ሳይታይ አርማታ ብትሞላ አስፈርሰው ሊያዩት ይችላሉ። ቤዝመንት የምትቆፍር ከሆነ የጎረቤቶችህን ግድግዳ ስንጥቅ ከመቆፈርህ በፊት ፎቶ አንሳ፣ ቀን ይኑረው። አለዚያ የድሮውም ስንጥቅ ያንተ ይሆናል።

የጸደቀው ፕላን ሳይት ላይ መኖር አለበት ይላሉ። ቢሮ ካስቀመጥኩትስ?

ሳይት ይሁን። ተቆጣጣሪው የሚጠይቀው እዚያ ቆሞ ነው። እኔ አንድ ክረምት በርሶብኝ ማኅተሙ ከታጠበ ወዲህ በላስቲክ ጠቅልዬ ዘበኛው ፍራሽ ሥር አስቀምጣለሁ። ዘበኛውም ከእኔ በላይ ይጠብቀዋል።