«አዲስ ነገር የለውም» ለተባልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። ፕሮፖዛልሽ «አዲስ ነገር የለውም» ተብሎ ሁለት ጊዜ እንደተመለሰብሽ ጽፈሽ፣ ለምርምር የሚሆን የፈጠራ አስተሳሰብ በልምምድ ይመጣል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ይመጣል። እኔም ማስተርሴን ስሠራ ተመልሶብኛልና የሆነውን ልንገርሽ።

ርዕሴ አርሶ አደሮች ጤፍ በመስመር መዝራትን ለምን እንደማይቀበሉ ነበር። መጠይቁን ያዘጋጀሁት የቀደሙትን ጥናቶች እያየሁ ነው፦ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የመሬት ስፋት። አማካሪዬ አንብበው «መልሱን ሳትሄድም ታውቀዋለህ» አሉኝ። በጣም ከፋኝ፤ እውነታቸውን ነበር።

መጠይቁን ልሞክር ገጠር ስወርድ አንድ አባት ሦስተኛው ጥያቄ ላይ አቋረጡኝ። «ልጄ፣ አንተ ዘርተህ ታውቃለህ?» አላውቅም። በማግስቱ ከቤተሰባቸው ጋር ማሳ ገባሁ። የጤፍ ፍሬ እንዴት ደቃቅ እንደሆነች ታውቂያለሽ። እሷን እየቆነጠሩ፣ ጎንበስ ብሎ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ በተሰመረ መስመር መዝራት ወገብ ይቆርጣል። በብተና አንድ ሰው ብቻውን የሚዘራውን ማሳ አምስት ሆነን እስኪመሽ አላዳረስነውም። አንዷ ሕፃን ያዘለች እናት ነበረች፤ ማታ ቤት ገብታ እራት የሠራችውም እሷው ናት። ያን ሌሊት ደብተሬ ላይ «ለምን አይቀበሉም?» የሚለውን ሰርዤ «ተጨማሪው ጉልበት የሚወጣው ከማን ነው?» ብዬ ጻፍኩ። ፕሮፖዛሌ ያለፈው በዚህ ጥያቄ ነው።

የተመራማሪው የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክም በደንብ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ቢልሃርዝያ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፉትን የውኃ ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ቦታ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። እንዶድን እናቶቻችን ሁሉ ያውቁታል። እሳቸው ግን አረፋውንና የሞተውን ቀንድ አውጣ አገናኝተው ጠየቁ። የላብራቶሪው ሥራ ከዚያ በኋላ ዓመታት ፈጅቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጣቸው።

አሁን የማደርገው ይህን ነው። ሊትሬቸር ሳነብ ጸሐፊው በግማሽ ዓረፍተ ነገር ያለፈውን ነገር ለብቻው እጽፋለሁ። ገጠር ስወርድ የመጀመሪያውን ቀን መጠይቅ አላወጣም፤ ሲሠሩ አያለሁ፣ ከፈቀዱልኝም አብሬ እሠራለሁ። ጥያቄው ሲገዝፍብኝ ደግሞ የማሽላ ተመራማሪው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ አቀንጭራን፣ ማለትም የማሽላን ሥር የሚያጠቃውን አረም፣ የያዙበትን መንገድ አስባለሁ፦ አረሙን በጅምላ ከመታገል ይልቅ የሕይወቱን ደረጃዎች ነጣጥለው አዩ። ዘሩ የሚነቃው የማሽላው ሥር በሚያመነጨው ኬሚካል ስለሆነ፣ ያን ኬሚካል እምብዛም የማያመነጭ ማሽላ ፈለጉ።

ርዕስሽን እንደተመለሰው አድርገሽ እዚህ ጻፊልን፤ አማካሪሽ ያሰመሩበትንም ጨምሪበት። ዛሬ ማታ አነበዋለሁ።