የቻቦ ጫጩቶችሽን ገና አትምረጪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ አውራና ሦስት ሴት ቻቦ፣ ማለትም እግረ አጭር የጃፓን ድንክ ዶሮዎች፣ አሉሽ። 24 እንቁላል መፈልፈያ ማሽን ውስጥ አስገባሽ፤ የወጣው 11 ጫጩት ነው። አሁን ስድስት ሳምንት ሞልቷቸዋል። ቦታሽ ጠባብ ስለሆነ አራቱን ብቻ ልታስቀሪ ነው፤ ልብሽ ደግሞ ሰማያዊ ላባ ያላቸው ላይ አርፏል። «ልክ ነኝ ወይ? ያ ሁሉ እንቁላልስ የከሸፈው በማሽኑ ነው በአውራው?» ነው ያልሽው።

ድንክ ዶሮ ማርባት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ግን አንቺ አሁን ልትሠሪው ያሰብሽውን ስህተት እኔ ቀድሜሽ ሠርቼዋለሁ።

ከእንቁላሉ ልጀምር። ማሽኑን ቶሎ አትውቀሺው። የቻቦን እግር የሚያሳጥረው አንድ ጂን፣ ከወላጅ የሚወረስ የዘር መመሪያ፣ ነው። ይህንን ጂን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ጫጩት አጭር እግር ይዞ በሰላም ያድጋል። ከሁለቱም ወላጆች የወረሰው ግን አይተርፍም። ብዙውን ጊዜ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቅርፊቱ ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ አጭር እግር ከአጭር እግር ጋር ስታዳቅዪ፣ ከተዳቀሉት አራት እንቁላሎች በአማካይ አንዱ ከመጀመሪያውም ጫጩት አይሆንም። ሁለቱ አጭር እግር ይወጣሉ። አንዱ ደግሞ ረዘም ያለ እግር ይዞ ይመጣል። ከ24ቱ ስድስት ያህሉ በዚህ ብቻ ሊሄዱ ይችላሉ ማለት ነው። ማሽንሽ የወርቅ ቢሆን እንኳ አያድናቸውም።

ካልተፈለፈሉት 13 የቀሩት ሰባት ናቸው ምርመራ የሚፈልጉት። በሚቀጥለው ዙር፣ በሰባተኛው ቀን ጨለማ ክፍል ገብተሽ እንቁላሉን የስልክ መብራት ላይ አስቀምጪው። እንደ ሸረሪት ድር የተበተኑ ቀያይ ሥሮችና መሃላቸው አንድ ጥቁር ነጥብ ካየሽ ሕይወት አለ። ቀጭን የደም ቀለበት ብቻ ከታየሽ ጀምሮ ሞቷል። ጥርት ብሎ የአስኳሉ ጥላ ብቻ ከታየሽ ደግሞ አልተዳቀለም፤ ጣትሽን ወደ አውራው መቀሰር የምትችዪው ያኔ ነው። የቻቦ አውራ እግሩ አጭር ስለሆነ ሴቷ ላይ ሲወጣ ሚዛኑን ይስታል፤ ሞክሮ ሞክሮ የሚወድቅ አለ። ብዙዎቹ መጨረሻ አካባቢ አድገው ከሞቱ ግን ያኔ ማሽኑን ጠርጥሪ። ማራገቢያ ያለው ማሽን 37.5 ዲግሪ ገደማ ላይ መቆም አለበት። በራሱ ቴርሞሜትር አትመኚ፣ ሌላ ጨምሪበት። የእኔ ከአንድ ዲግሪ በላይ ይዋሽ ነበር፤ እስክነቃበት ድረስ ሁለት ዙር አቃጥያለሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይነግርሽን ነገር ልንገርሽ። ረጅም እግር ያላትን ቄብ «አስቀያሚ ናት» ብለሽ አትሸኛት። እሷን ከአጭር እግር አውራ ጋር ካዳቀልሻት ግማሹ አጭር፣ ግማሹ ረጅም ይሆናል፤ በዚያ ጂን ምክንያት የሚሞት ግን አይኖርም። ውድድር ላይ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ለመራቢያነት ግን ወርቅ ናት።

አሁን ወደ ምርጫው። በስድስት ሳምንት ምንም አይታይም። እውነቴን ነው። አሁን መለየት ያለብሽ ግልጽ ጉድለት ያለበትን ብቻ ነው። መንቆሩ እንደ መቀስ የተጣመመ፣ ጣቶቹ የተቆለመሙ፣ ክንፉን መሰብሰብ ያቃተው፣ ሁልጊዜ ጥግ ይዞ የሚያንቀላፋ። የጣት መቆልመም ከማሽን ሙቀት ወይም ከሚያንሸራትት ወለል ሊመጣ ይችላል፤ ከዘርም ሊሆን ይችላል። መለየት ስለማትችዪ አታራቢው። ሌላው ይቆይ።

እኔ አልቆየሁም። በስምንተኛው ሳምንት ሁለት ወንዶች ፊቴ ቆመው ነበር። አንዱ ሰማያዊ፣ ላባው የሚያብረቀርቅ፣ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ። ሌላው ጥቁር፣ ላባው የተንጨባረረ፣ ሲታይ አቧራ ላይ የተንከባለለ የሚመስል። ሳላመነታ ጥቁሩን ለወዳጄ ሰጠሁት። ስድስት ወር ሲሞላ ሰማያዊውን አንስቼ በአመልካች ጣቴ የደረቱን አጥንት ከላይ እስከ ታች ተከተልኩት። መሃል ላይ ሲደርስ ጣቴ ወደ ግራ ታጠፈ። አጥንቱ እንደ ኤስ ፊደል ተጣሟል። ጭራውም ወደ አንድ ጎን ይወድቃል። ከወር በኋላ ወዳጄ ቤት ሄድኩ። ያ «አቧራ» ጥቁር ጭራውን ቀጥ አድርጎ አጥር ስር ቆሟል። ጉድ አልኩ። ልመልሰው ብዬ ለመንኩ፤ እምቢ ተባልኩ። ደግሞ ልክ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጫጩት የአዋቂ ላባውን እስኪለብስ ድረስ ላባውን ደጋግሞ ይቀይራል። ቢያንስ አምስት ስድስት ወር ጠብቂ። የአውራው ጭራ ደግሞ ከዚያም በኋላ ያድጋል።

ጊዜው ሲደርስ እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ሳትነኪው ከሩቅ እዪው፤ የተያዘ ዶሮ አቋሙ ይበላሻል። በጎን በኩል ስታዪው አንገቱና ጭራው ሁለቱም ሽቅብ ወጥተው፣ ጀርባው በመሃል አጥሮ፣ ጠባብ ጎድጓዳ ሳህን መምሰል አለበት። ጭራው ከአናቱ ከፍ ይላል። ደረቱ ወደ ፊት ይወጣል። የክንፉ ጫፍ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረውም። ቀጥሎ ከኋላው ቁሚ። ጭራው ከመሃል ካዘነበለ እዚያው ጨርሰሽዋል፤ ምንም ቢያምር አታራቢው። ከዚያ አንሺውና የደረቱን አጥንት ዳብሺ። መጣመሙ አንዳንዴ ከዘር ነው፤ አንዳንዴ ገና በልጅነቱ ቀጭን ቆጥ ላይ ከመስፈር ይመጣል። ክንፉን ዘርግተሽ ላባው ያለ ክፍተት መደርደሩን እዪ። በመጨረሻ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኚው። ክብደቱን ካልተከታተልሽ ድንክ ዶሮ ከትውልድ ትውልድ ሳታውቂው እየገዘፈ ይሄዳል። አንድ ቀን ቀና ስትዪ ድንክ የለም።

ቀለም መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ሰማያዊ ይባላል እንጂ እኔን ብትጠይቂኝ ግራጫ ነው። እሱም ራሱን ችሎ የሚጸና ቀለም አይደለም። ሰማያዊ ከሰማያዊ ስታዳቅዪ ግማሹ ሰማያዊ፣ ሩቡ ጥቁር፣ ሩቡ ደግሞ ነጣ ብሎ ጠብታ ጠብታ ያለበት ይሆናል። ጥቁሩን ከዚያ ከነጣው ጋር ስታገናኚ ግን ሁሉም ሰማያዊ ይወጣል! ስለዚህ ሰማያዊ ብትሸኚ እንኳ በአንድ ትውልድ ታገኚዋለሽ። የተጣመመ ጭራ ግን አንዴ ከገባ ስንት ዓመት ያስለፋሻል።

አራት ብቻ ያልሽው ነገር አልተዋጠልኝም። ከቻልሽ እስከ ስድስተኛው ወር ስድስት አቆዪ። ሁለት አጭር እግር ወንዶች፣ ሦስት አጭር እግር ቄቦች፣ አንዲት ረጅም እግር ቄብ። ወንዶቹ መጣላት ሲጀምሩ ለያዪያቸው። የእግር ቀለበት ዛሬውኑ አድርጊላቸውና ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፊ። «አልረሳም» ብለሽ ራስሽን አታታልዪ፤ ሦስት ጥቁር ቄቦች ካደጉ በኋላ እናታቸውም አትለያቸውም።

አባትን ከልጁ ጋር አንዴ ማገናኘት ብዙ አያሳስብም። ወንድምና እህት ደጋግሞ ማዳቀል ግን የሚፈለፈለውን ቁጥር ያወርደዋል። አውራ ስትቀይሪ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት የሚጣለውን እንቁላል ለመፈልፈል አትጠቀሚ። ሴቷ የቀድሞውን አውራ ዘር ከሁለት ሳምንት በላይ ይዛ ትቆያለች። እኔ ይህን ሳላውቅ በአምስተኛው ቀን የተጣለውን አስታቀፍኩና የአዲሱ አውራ ልጆች ናቸው ብዬ ያሳደግኳቸው ሁሉ የአሮጌው ሆነው ተገኙ።

የላክሽው ፎቶ ከላይ ስለተነሳ ከጀርባቸው በቀር ምንም አያሳይም። በጫጩቶቹ ቁመት ልክ ተንበርክከሽ ከጎንና ከኋላ አንሺያቸው። የአባትየውን ፎቶ ጨምሪበት፤ በተለይ ከኋላ።