የአስፈሪ ፊልም መክፈቻ ከጆሮ ይጀምራል

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ለክፍል ሥራ የሁለት ደቂቃ የአስፈሪ ፊልም መክፈቻ ልትሠሩ ነው። አምስት ናችሁ። አንድ ካሜራና ሁለት ስልክ አላችሁ። ሦስት ሳምንት ቀርቷችኋል። ታሪኩ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው ቁልቁለት፣ ሐረጎ ላይ፣ በሌሊት መኪናዋ ስለቆመባት ሴት ነው። አጎትሽ ኮምቦልቻ ውስጥ ሰፊ ግቢና አሮጌ መኪና አለው። «ስክሪፕቱን ጽፈን ወዲያው ወደ ቀረጻ ብንገባስ? ቅድመ ዝግጅቱ ምኑ ነው ይህን ያህል ጊዜ የሚፈጀው?» ብለሻል።

እኔም ደሴ ተማሪ ሳለሁ እንዳንቺው ነበር የማስበው። ቶሎ ገብተን አራት ሌሊት ቀረጽን። ለኤዲቲንግ የተረፈን አርባ ሰከንድ አይሞላም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብመልስልሽ አይክፋሽ።

የኛ ታሪክ ሰው በሌለበት ቤት ሙቀጫ ሲወቀጥ ስለምትሰማ ልጅ ነበር። ቤቱን ያየነው ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ጸጥ ያለ፣ ግድግዳው የተላላጠ፣ ለካሜራ የተሠራ የሚመስል አሮጌ ቤት። ማታ ስንሄድ ሌላ ቤት ሆኖ ጠበቀን። የጎረቤት ውሻ ይጮኻል። መብራት ሲሄድ አንዱ ጄኔሬተር ያስነሳል። ወደ ንጋት ላይ አዛኑና የቤተ ክርስቲያኑ ድምጽ ማጉያ ይከተላሉ። ምስሉ አምሮ ነበር። አንዱን ሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ የቀረጸውን አንድ ምስል) ከሌላው ስንቀጥል ግን ከኋላ ያለው ድምጽ ይቆራረጣል። እዚህ ጄኔሬተር አለ፣ እዚያ የለም። ተመልካች ምን እንደሆነ ለይቶ ባይነግርሽም ይረብሸዋል። ፍርሃቱ እዚያው ይበተናል።

ከዚያ ወዲህ መክፈቻ ሳቅድ መጀመሪያ የምጽፈው ድምጹን ነው። ሰው ያላየውን ነገር ራሱ በሚፈራው ልክ ይሥለዋል። ያላየውን ደግሞ የምታደርሱለት በጆሮው ነው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጭራቅ ለማሳየት ገንዘቡም ጊዜውም የላችሁም። የሚሰማ ነገር ግን በነጻ ታገኛላችሁ።

እንዲህ አድርጉ። አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በግራ የሚሰማው፣ በቀኝ የሚታየው ይጻፍ። ግራው ሳያልቅ ወደ ቀኝ እንዳትሄዱ። የናንተን ታሪክ እኔ ልሞክረው። ሞተሩ ይንተከተክና ይጠፋል። ዝም ይላል። የጋለው ሞተር ሲቀዘቅዝ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። አንድ ከባድ መኪና ከሩቅ መጥቶ ያልፋል። እንደገና ዝም። ከዚያ ሰው በማይኖርበት በገደሉ በኩል አንድ ሰው ስሟን ይጠራል።

አያቴ «ሌሊት ሦስቴ ሳይጠሩ አቤት አይባልም» ትለን ነበር። ጅን ሁለቴ እንጂ ሦስቴ አይጠራም ብላ ታምን ነበር። እንግዲህ ልጅቷ በሁለተኛው ጥሪ «አቤት» ትበል። ሦስተኛው ጥሪ አይምጣ። ርዕሱ እዚያ ላይ ይውጣ። ይህን ሐሳብ ከወደድሽው ያንቺ ይሁን። ካልወደድሽው ደግሞ ከራስሽ ቤት፣ እናትሽ «ተዪ፣ በማታ አይደረግም» ካለችሽ ነገር ፈልጊ። ነጭ ለብሳ ጸጉሯን ፊቷ ላይ የበተነች ሴት አታምጡ። እሷ ከሌላ ሰው ፊልም የመጣች ናት፤ የወሎ ሰው ልጅ ሆኖ የፈራው እሷን አይደለም።

መክፈቻው ታሪኩን መንገር የለበትም። አንድ ጥያቄ ትቶ ከሄደ ሥራውን ሠርቷል። መኪናው ለምን እንደቆመ፣ ልጅቷ ከማን ጋር እንደተጣላች፣ ወዴት እንደምትሄድ ከተናገራችሁ ሁለቱ ደቂቃ አለቀ።

አሁን ወደ ሐረጎ ልምጣ። እባካችሁ እዚያ ሌሊት አትቅረጹ። ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። የጭነት መኪና ሌሊትም ይመላለስበታል። ጉም ሲወርድ ሹፌሩ ፊቱ ያለውን እንኳ በደንብ አያይም። ትራይፖድ ይዞ አስፋልት ዳር መቆም ለየትኛውም ማርክ ሲባል የሚደረግ አይደለም። ደግሞም አያስፈልጋችሁም። የአጎትሽን መኪና ግቢው ውስጥ አቁሙት። የግቢውን መብራት አጥፉ። ካሜራው መኪናው ውስጥ ይሁን። አንድ ልጅ እንደ መኪና መብራት ሁለት የእጅ ባትሪ ጎን ለጎን ይዞ ከመኪናው ፊት ለፊት ቀስ ብሎ ይምጣና በጎን ይለፍ። መስታወቱ ላይ በስፕሬይ ትንሽ ውሃ እርጩበት። ብርሃኑ በልጅቷ ፊት ላይ ሲሄድ፣ ከዚያ ላይ የእውነተኛ ከባድ መኪና ድምጽ ሲጨመርበት፣ ሐረጎ ላይ አይደለችም የሚል አይኖርም። የመኪናውን ድምጽ በቀን፣ ከመንገዱ ራቅ ብላችሁ በስልክ ቅዱት።

የግድ ከውጭ የሚታይ አንድ ሾት ካስፈለገ ጀምበር እንደጠለቀች አንሱት። ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ የተራራው ጠርዝ የሚለይበት ጊዜ 20 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ ሰዓት አንድ ሾት ብቻ መድቡ፤ ካሜራው ከግማሽ ሰዓት በፊት ተተክሎ ይጠብቅ። ደሴ ከሆነ የጦሳ ተራራ ጸሐይዋን ቀድሞ ስለሚጋርዳት ብርሃኑን አስቀድማችሁ በዓይናችሁ እዩት። የክረምት ጉምን ደግሞ አትመኑት። ለአንዱ ሾት መጥቶ ለቀጣዩ ይሄዳል።

ካሜራውን በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሸተሩን (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ላይ አድርጉት። የሀገራችን መብራት 50 ሄርዝ ነው። በ30 ፍሬምና በ1/60 ስትቀርጹ አምፖል ያለበት ምስል ሊርገበገብ ይችላል። ይህ በስልክ ትንሽ ስክሪን ላይ ላይታይ ይችላል፤ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ነው የሚያስለቅሰው። ነጭ ሚዛኑም (ካሜራው ቀለሙን የሚያስተካክልበት) በአውቶማቲክ አይሁን። መብራት ሊሄድ እንደሚችል አስባችሁ ሁሉንም በባትሪና በፓወር ባንክ አቅዱት።

ቦታውን የምታዩት በምትቀርጹበት ሰዓት ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት የምትቀርጹ ከሆነ በሁለት ሰዓት ሂዱ። አምስታችሁም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አሥር ደቂቃ ተቀመጡ። የሰማችሁትን ሁሉ ጻፉ። ባጃጅ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ፣ ውሻ። የሚጠፋውን አጥፉ፤ የማይጠፋውን ሰዓቱን ያዙለት።

ቀጥሎ የምነግርሽ ከሁሉ ይከብደኛል። በሦስተኛው ሌሊት ተዋናይዋ እንድትጮህ አደረግን። ለጎረቤት አልተናገርንም። አንድ ጊዜ ጮኸች፤ ሰፈሩ ዱላና ባትሪ ይዞ ወጣ። ሮንድ ላይ የነበሩት ሰዎች ደረሱ። እነሱ ሲያዩን ተረጋጉ። አንዲት እናት ግን አልተረጋጉም። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ በራችን ላይ ቆመው ቀሩ። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ደሴም ኮምቦልቻም ገብቷል። ብዙ ቤት ውስጥ የሌሊት ጩኸት ፊልም አይደለም። እኛ ይህን ማሰብ ነበረብን፤ አላሰብንም። እማማን ደግፈን ቤታቸው አስገባናቸው፤ የዚያን ሌሊት ቀረጻም አቆምን።

ስለዚህ ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ አጽፉ። ለቀበሌው ስጡ። የሰፈሩን ጥበቃና ሮንድ በአካል አግኙ። ከዚያ ግራና ቀኝ፣ ፊት ለፊት ያለውን ቤት ሁሉ አንኳኩና በየትኛው ቀን፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደምትቀርጹ ንገሩ። ጩኸት ካለ ቀን፣ ቤት ውስጥ ለብቻው ቅዱት። መሣሪያ የሚመስል ነገርና የተኩስ ድምጽ ሙሉ በሙሉ ይቅር። ደም ካስፈለጋችሁ የስኳር ሽሮፕ፣ ቀይ የምግብ ቀለምና ጥቂት ቡና ይበቃል፤ ግን በናንተ ታሪክ ውስጥ የሚፈስበት ቦታ አይታየኝም። ሴቶቹ በሌሊት በምን እንደሚመለሱም አስቀድሞ ይወሰን። የምታውቁትን ባለባጃጅ ተነጋግራችሁ ያዙ።

ጊዜውን እንዲህ ብትከፍሉት ይሻላል። አንደኛው ሳምንት የወረቀት ነው። የድምጹ ገጽ፣ ሁለት ገጽ ስክሪፕት፣ ከዚያ ሾት ሊስት፣ ማለትም የሾቶቹ ዝርዝር። ስክሪፕት ሲነበብ አንድ ገጽ ወደ አንድ ደቂቃ ይጠጋል። ከ15 ሾት በላይ ካወጣችሁ ቀንሱ፤ ፍርሃት ረጋ ያለ ሾት ይወዳል። ስቶሪቦርዱን (ሾቶቹን በሥዕል የሚያሳየውን ወረቀት) የሚሥል ሰው የለንም አትበሉ። ዱላ የመሰለ ሰው መሣል ይበቃል፤ ዋናው ሰውየው ከፍሬሙ በየት በኩል እንደቆመና ባዶው ቦታ የት እንደቀረ መታየቱ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ሙሉውን በቀን፣ በስልክ ቅረጹት። ልብስም መብራትም አያስፈልግም። አያይዙትና ድምጹን ጨምሩበት። ከዚያ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው መጀመሪያ ስክሪኑን አዙራችሁ ድምጹን ብቻ አሰሙት። አንገቱን ቀና ካላደረገ ወደ ወረቀቱ ተመለሱ። እኛ ይህን አንድ ከሰዓት ብንሠራው ኖሮ አራቱ ሌሊት ሁለት ይሆኑ ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሁለት ምሽት ቅረጹ፤ አንድ ምሽት መጠባበቂያ ይኑራችሁ።

የሥራ ክፍፍሉ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ድምጽ ለተረፈው ልጅ አይሰጥም። ከአምስታችሁ በጣም ታጋሹን ምረጡ። በየቦታው ሁላችሁም ትንፋሻችሁን ይዛችሁ የቦታውን የአንድ ደቂቃ ባዶ ድምጽ ይቅዳ። ሾቶቹን የሚያያይዝላችሁ ሙጫ ያ ነው።

ስሟን የሚጠራው ድምጽ ደግሞ የጎረነነና በኮምፒውተር የተጣመመ አይሁን። ልጇን ለእራት የምትጠራ እናት ድምጽ ይሁን። አንዲት እናት ለምኑና ከግቢው ማዶ፣ በእውነተኛው ርቀት ቆመው ይጥሩላችሁ። የልጅቷንም ስም ስትመርጡ መጨረሻው የሚጎተት ይሁን፤ ሰዓዳ፣ ዘሀራ ዓይነት። «ሰዓዳ» ብላችሁ መጨረሻውን ሳብ አድርጋችሁ ዛሬ ማታ ግቢ ውስጥ ሞክሩት።