ኩታበር ላለሽው እህታችን፦ ዘር ከመግዛታችሁ በፊት ክፍፍሉን ጻፉ

ሰላም እህቴ። «ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ ያለው ባዶ መሬት ተፈቀደልን፤ አትክልት አልምተን ለችግረኞች ልናካፍል ነው፤ ከምን እንጀምር?» ብለሽ ጠይቀሻል። የዘር ዓይነት የሚዘረዝርልሽ አታጪም። እኛ እዚህ ደሴ ዳር ሦስት ዓመት ሠርተንበታል፤ ብርዱም አፈሩም ያው ነውና የደረሰብንን ልንገርሽ።

1. ቃለ ጉባኤ ያዙ። ዛሬ «ሥሩበት» ያሏችሁ አባት ነገ ወደ ሌላ ደብር ሊዛወሩ ይችላሉ፤ የሰበካ ጉባኤው አባላትም ይለወጣሉ። መሬቱ ስንት ካሬ እንደሆነ፣ ለስንት ዓመት እንደተሰጣችሁ፣ ምርቱ ለማን እንደሚሄድ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት እጃችሁ ይግባ። እኛ «የእግዚአብሔር ቤት ነው፣ ወረቀት ምን ያደርጋል» ብለን ዘለልነው።

መስከረም ላይ የጥቅል ጎመን ችግኝ አፈላን። ወር ከሳምንት ሲሆነው ለመተከል ደረሰ፤ ክረምቱ ግን ወጥቷል፤ ያለ ቧንቧ አይሆንም። ለቧንቧው አንድ ቢሮ ሄድን። ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን «ማን ናችሁ? ቃለ ጉባኤያችሁ የታለ?» አለ። በሳምንቱ አጽፈን ስንመጣ «ማኅተሙ ደብዝዟል» ብሎ መለሰን። ከዚያ በኋላ ስብሰባ ላይ ነው፣ መስክ ወጥቷል፣ ነገ ኑ። አብረውን የነበሩት እናት ከስድሳ ዓመት ያለፉ ናቸው፤ ባዶ ወንበር አጠገቡ እያለ «ይቀመጡ» አላላቸውም። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በአራተኛው ሳምንት ሲፈቀድልን ችግኙ አርጅቶ፣ አንገቱ ቀጥኖ ተጋድሟል። ተከልነው፤ ግማሹ ሳይጠቀለል ቅጠል ብቻ ሆኖ ቀረ። ወረቀቱ ከመጀመሪያው በእጃችን ቢኖር ያ ሰው ምን ምክንያት ያገኝ ነበር?

2. ክፍፍሉ። የተረፈው ጎመን የካቲት መግቢያ ላይ ደረሰ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሩ ላይ ከምረን «የተቸገረ ይውሰድ» አልን። ጉልበት ያለው ቀድሞ አፈሰው። ሁልጊዜ ደጀ ሰላሙ ጥግ የሚቀመጡ አንዲት እናት አሉ፤ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ቀስ እያሉ ሲደርሱ መሬት ላይ የቀረው ተገንጥሎ የተጣለው የውጭ ቅጠል ነው። ጎንበስ ብለው አፈሩን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ አንድ አንድ ለቀሙት። ጎመኑ የተተከለው ለእሳቸው ነበር! በሳምንቱ ደግሞ «ሸጠው በሉት» የሚል ወሬ ተነሳ። ሚዛን የለን፣ መዝገብ የለን፣ በምን እንመልስ? «እስኪጣራ ሥራው ይቁም» ተባለ፤ ካሮታችን አፈር ውስጥ እንዳለ ተሰነጣጥቆ አለቀ።

በሁለተኛው ዓመት ዘር ሳንገዛ ተቀምጠን ጻፍነው። አንድ ሦስተኛው ለአብነት ተማሪዎችና ጧሪ ለሌላቸው፣ አንድ ሦስተኛው ቆፍረው ላጠጡት፣ አንድ ሦስተኛው ተሸጦ ለዘርና ለውሃ ክፍያ። የችግረኞቹን ዝርዝር የየጎጡ ሽማግሌዎች አወጡ፤ 31 ቤት ሆነ። ማንም ተሰልፎ አይቀበልም፤ ቅዳሜ ማታ ልጆቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ በየቤቱ ያደርሳሉ። የተመዘነው ኪሎና የተሸጠበት ብር እሑድ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው አፉን አልከፈተብንም። ያቺን ሚዛን የገዛነው አዋጥተን ነው፤ ከዶማው ሁሉ እሷ ትበልጥብኛለች።

3. የሥራ ቀናችሁን ቁጠሩ። ሰንበቱና የወሩ በዓላት ሲወጡ ለቁፋሮ የሚቀረው ቀን ጥቂት ነው። እኛ አባቶችን ጠይቀን ውሃ ማጠጣት ተፈቀደልን፤ ዶማ ግን በበዓል አይነሳም። ይሄንንም በቃለ ጉባኤው አስገቡት፤ አለዚያ በ12 ያጠጣችሁትን በ13 ትከሰሱበታላችሁ።

ፍግ የምናገኘው ከአንድ ሙስሊም ጎረቤታችን በረት ነው። ጋሼ እንላቸዋለን፤ ሳንቲም ተቀብለውን አያውቁም። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተደራርበው ስለነበር፣ ለእኛ ወጥ የታሰበው ካሮትና ድንች ለእሳቸውም የማፍጠሪያ ሾርባ ይሄድ ነበር። እሳቸው 32ኛው ቤት ናቸው፤ ይሄም ተጽፏል። ፍጉን ግን ትኩሱን እንዳታስገቡ፤ ችግኝ ያቃጥላል። ከገለባና ከአረም ጋር ከምራችሁ፣ እያገላበጣችሁ፣ ሦስት ወር ይብሰል።

ስለ ዘሩ ብዙም የምለው የለኝ። ቲማቲም እንዳትሞክሩ፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ይጨርሰዋል፤ እሱ ወደ ኮምቦልቻና ሐርቡ ወርዶ ነው የሚያምርበት። በቆስጣ ጀምሩ፤ በሁለት ወር ይደርሳል፣ የውጭ የውጩን ቅጠል እየቆረጣችሁ ስትሰጡ ከውስጥ ይተካል። ጥቅል ጎመኑ ለዐቢይ ጾም እንዲደርስላችሁ መስከረም ላይ አፍሉት፤ የቧንቧውን ፈቃድ ግን ከሐምሌ ጀምራችሁ ጠይቁ። ስትሄዱም ቃለ ጉባኤውን በሦስት ኮፒ ያዙ፤ አንዱን «ጠፋብን» ይሏችኋል።