«አይ ፊር ዩ» ብዬው አለቃዬ ደነገጠ

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር፣ ሜሪላንድ ነው ምኖረው። አለቃዬ ስብሰባ ላይ ለምን ዝም እንደምል ሲጠይቀኝ «ቢኮዝ አይ ፊር ዩ» አልኩት፣ ሰውዬው ፊቱ ልውጥ አለ፣ በነጋታው ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍል) ጠርተው ምን አድርጎሽ ነው አሉኝ። እኔ እኮ አከብርሃለሁ ማለቴ ነበር፣ ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ እህቴ ጉድ የሰራሽ «ፈራ» የሚለው ግሳችን ነው፣ ብቻውን የሶስት ግስ ስራ ይሰራል። ውሻ ሲያባርረንም ፈራን፣ እንግዳ ፊት ስንሽኮረመምም ፈራን፣ ታላቅ ስናከብርም ፈራን ነው። እናት «ይሄ ልጅ አባቱን እንኳን አይፈራም» ካለች ጀግና ነው ማለቷ መሰለሽ? ባለጌ ነው ማለቷ ነው። መፈራት እኛ ጋ ክብር ስለሆነ ስምም ይወጣበታል፣ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዘውድ እስኪጭኑ ድረስ ተፈሪ ነበሩ፣ የሚፈራ የሚከበር ማለት ነው፣ የጃማይካ ራስታዎችም የተጠሩት በዚሁ ስም ነው። (በነገራችን ላይ «ይፈራል» ብለሽ ብትጽፊ ፈ ሲላላ እሱ ሰው ይፈራል፣ ሲጠብቅ ደሞ ሰው እሱን ይፈራዋል፣ ፊደሉ ግን ያው አንድ ነው።)

እንግሊዝኛው እነዚህን ለያይቶ ነው የሚያስቀምጣቸው። ሰውን ፊት ለፊት «አይ ፊር ዩ» ስትይው ትጎዳኛለህ ያልሽው ነው የሚመስለው፣ አለቃ ሲሆንማ ኤችአር ቢጠራሽ አይገርምም። አፍረሽ ከሆነ «አይ ጌት ነርቨስ ኢን ሚቲንግስ»፣ አክብረሽው ከሆነ «አይ ሪስፔክት ዩ» በቂ ነው። የምር ያስፈራሽ ሰው ካለ «አይ አም ስኬርድ ኦፍ ሂም» በይ፣ ብዙ ሰው «ፍሮም ሂም» ይላል ግን ኦፍ ነው። «አይ አም ስኬሪ» እንዳትይ ብቻ፣ እሱ አስፈሪ ነኝ ነው፣ አንድ ተማሪዬ ኢንተርቪው ላይ ብሎት ጠያቂዎቹ በሳቅ ፈርሰዋል።

ኦፍ በፎር ሲቀየር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፣ «አፍሬይድ ኦፍ ሂም» ፈራሁት ነው፣ «አፍሬይድ ፎር ሂም» ፈራሁለት፣ የኛዋ «ለ» የምትሰራውን ነው ፎር የሚሰራው። አለቃሽ ራሱ ደሞ ፈቃድ ስትጠይቂው «አይ አም አፍሬይድ ዊ ካንት» ካለሽ ማንንም ፈርቶ አይደለም፣ ይቅርታ አይቻልም እያለሽ ነው።