መልስ፦ ጎርፍ የጎዳውን የጮቄ መንደር ስለማገዝ

«ጮቄ ተራራ ስር ጎርፍ የጎዳውን መንደር ቱሪዝም በክረምት እረፍታችን እንዴት እናግዝ?» ላልሽው፣ እህቴ፣ ሐሳባችሁ በጣም ደስ ይላል። ግን ሐምሌና ነሐሴ አትሂዱ። መሬቱ ውሃ ጠጥቶ ይንሸራተታል፤ ገበሬውም በእርሻና በአረም ተወጥሯል። ጥር ይሻላል። አዝመራው ተሰብስቧል፣ የተፋሰስ ሥራም የሚሠራው ያኔ ነው።

መጀመሪያ ሽማግሌዎቹንና ዕድሩን ጠይቁ። ለኔ የሚቀድመው የእግር መንገዱ ነው፤ ውሃ የሚያስወጣ ቦይና የድንጋይ ካብ ይፈልጋል። ተራራው ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ ነውና እንግዳ ቢወድቅ ሐኪም ሩቅ ነው።

ጅብራን፣ ያንን ግዙፍ የደጋ ተክል፣ እና ወደ ዓባይ የሚወርዱትን ምንጮች የሚያስጎበኙት የመንደሩ ልጆች ይሁኑ። እናንተ እንግሊዝኛና የሂሳብ አያያዝ አስተምሯቸው፤ ገንዘቡ እዚያው ይቅር። የፈረሰ ቤት ፎቶ እየለጠፋችሁ ግን እንግዳ አትጥሩ፣ አደራ!